ታሪክን ከነዚፑ ያቆዩልን

የታሪካዊ ፊልም ሠሪዎቻችንን ውለታ የሚያወሳ ሰው በመጥፋቱ እኔ ልጀምር። በግንቦት 1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ የመሩትን የቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ ከደሴ ወጣ ብለው ሲቀርጹ፣ ከሕዝቡ መካከል ቆሜ እልል እንድል ተቀጥሬ ነበርና የምመሰክረው በዓይኔ ያየሁትን ነው።

የቦታው ምርጫ እንከን የለሽ ነበር፤ ጉባኤው የተካሄደው እዚያው ነዋ! ከንጉሠ ነገሥቱ ድንኳን ጀርባ የሚወዛወዘው ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ ጉባኤው ከተበተነ ከዐሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ቢሆንም፣ ዛፍ ለታሪክ ሲል ቀድሞ ቢደርስ ማን ይከለክለዋል? ካሜራው ጥቂት ወደ ቀኝ ቢዞር ባዶ ሜዳ ይገኝ ነበር፤ ነገር ግን በዚያ በኩል ጥላ ስላልነበረ ዳይሬክተሩ ፀሐይ ላይ ሊውል ነው፤ እንዲህ ያለ ጭካኔ ደግሞ ከማንም አይጠበቅም።

አልባሳቱን የማሞግስበት ቃል አጣሁ። በሌላው ዓለም ባለሙያዎች አዲስ የተሰፋውን ልብስ በብርጭቆ ወረቀት እየፈተጉ፣ በሻይ እየነከሩ፣ ክርኑንና ጠርዙን እያሳሱ ቀናት ያባክናሉ። የእኛዎቹ ከሙሽራ ልብስ ቤት ካባ በቀን ሒሳብ ይከራዩና ይገላገላሉ። ከትግራይ ጀምሮ ስንቱን ተራራ በእግሩ የወጣው ሠራዊት ሚዜ መስሎ ከተፍ አለ፤ የካውያው መስመር እንደ ጎራዴ ይቆርጥ ነበር። ታሪክነቱ የጎደለ ከመሰለ በኤዲቲንግ ቢጫ ቀለም ይነፉበታል፤ አባቶቻችን በሙሉ የወፍ በሽታ ይዟቸው ነበርና። ንግግሩም ቢሆን ተጠንቅቀውበታል፤ አንዱ መኳንንት የሃይማኖቱን ክርክር «በፖዘቲቭ መንፈስ» እንድናየው አሳሰበን።

ሥራውን ሊያበላሹ የመጡት አንድ የአካባቢው አዛውንት ብቻ ነበሩ። ከበግ ጠጉር በእጅ የተፈተለ፣ ጢስ የጠጣ፣ ትከሻው ላይ በሌላ ቀለም የተጣፈ የራሳቸውን ባና ለብሰው መጡ። ረዳት ዳይሬክተሩ አክብሮቱን ሳያጓድል፣

«አባባ፣ ይህ ለዘመኑ አይሄድም» አላቸውና ባናውን ተቀብሎ ካባ አለበሳቸው።

አዛውንቱ ማጅራታቸውን እየዳበሱ፣ «ልጄ፣ ይህ ብረት ምን ይሠራል?» አሉ።

«ከኋላ ነው፣ አይታይም።»

ቀረጻው ሲጀመር ለንጉሠ ነገሥቱ እጅ እንዲነሡ ታዘዙ። ጎንበስ ሲሉ ዚፑ ከማጅራታቸው እስከ ወገባቸው ፀሐይ እየመታው ለካሜራው ቦግ አለ። እኛም እንደ ታዘዝነው እልል አልን።

ቦሩ ሜዳ ደግሞ ከቀትር በኋላ ብርዱ አይቻልም። ዳይሬክተሩ የአዛውንቱን ባና እስከ አፍንጫው ተከናንቦ፣ «ግሩም! አሁን ገና ታሪክ ታሪክ ሸተተኝ!» አለ።