እርማት፦ ያረጀ የሐዲድ እንጨት ጥቁር አይደለም

«በሞዴል ባቡር ሐዲድ ዳር የምትከምሩትን አሮጌ የሐዲድ እንጨት ጥቁር ቀቡት» የሚለው ምክር በየቦታው ይደጋገማል። ልክ አይደለም። የሐዲድ እንጨት የምንለው ከሐዲዱ ሥር በአግድም የሚነጠፈውን ነው። ጥቁር የሚመስለው ክሪዮሶት፣ ማለትም እንጨት እንዳይበሰብስ የሚያደርግ ጥቁር ዘይት፣ የጠጣ አዲስ እንጨት ነው። ለዓመታት ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቁበት አመድማ ይሆናል፤ ይሰነጣጠቃልም።

ያረጀውን በሞዴል መሥራት ብዙ ወጪም የለውም። 2.6 ሜትር የሚረዝመው እንጨት በ1 ለ 87 የሞዴል መጠን፣ ማለትም 87 ጊዜ ሲቀነስ፣ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ትንሽ ቀጠን ቢልም የክብሪት እንጨት ይበቃል። ጎኑን በምላጭ ጫር ጫር አድርጉት። ጥቁር ቀለም ውሃ እስኪመስል አቅጥናችሁ አንዴ ብቻ አስነኩት። ከዚያ ሐዲዱ ያርፍባቸው የነበሩትን ሁለት ቦታዎች በዝገት ቀለም ነካ ነካ። እኔ ከሁሉም የምወደው ይህን ነው፤ እንጨቱ ከሐዲድ ሥር እንደወጣ ወዲያው ያስታውቃል። ስትከምሩ ደግሞ አታስተካክሉት፣ አንዳንዱ ተሰብሮ ይቀመጥ።