ላላ አድርጎ ማሰር

በጓሮው ዛፎች መካከል ሃሞክ፣ ማለትም ተንጠልጣይ የጨርቅ ወይም የመረብ አልጋ፣ ለመስቀል የተነሣ ሰው፣ ገና ገመዱን ሳይፈታ አማካሪዎቹ ይበዛሉ። አንዱ ርቀቱን በእርምጃ ይለካል፤ ሌላው ቋጠሮውን ፈትቶ እንደገና ይቋጥራል፤ በዕድሜ ጠና ያሉት ደግሞ ወንበር አስወጥተው ሥራው በዕቅዱ መሠረት መሄዱን ይከታተላሉ። በሌላ ጉዳይ ሁሉ የማይስማሙት እነዚህ ሰዎች በአንድ ነገር ግን ፈጽሞ አይለያዩም፤ ገመዱ ገና አልተወጠረም።

ላላ ያለ ነገር ሁሉ የሰነፍ ሥራ ስለሚመስለን ማክረር እንወዳለን። ሃሞክ ግን ረገብ ብሎ ካልተሰቀለ በተኚው ላይ ይነሣበታል። ገመዱ ከአግድም መስመር 30 ዲግሪ ያህል ሲያዘቀዝቅ እያንዳንዱ ወገን የሚሸከመው የተኚውን ክብደት ያህል ነው፤ ተወጥሮ 10 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ግን በየወገኑ የሚመጣው ኃይል የክብደቱ ሦስት እጥፍ ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው እንግዲህ በእያንዳንዱ ዛፍ ላይ በ200 ኪሎ ጉልበት ይንጠለጠላል ማለት ነው፤ ክብደቱን ሲጠየቅ አምስት ኪሎ ቀንሶ የሚናገር ሰው እንኳ ከዚህ ስሌት አያመልጥም። ከዚያ ወዲያ የሚበጠሰው ገመዱ ይሁን የሚነቀለው መንጠቆው፣ ለወገቡ ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም።

ዛፉንም የሚጠይቀው የለም። ቀጭን ገመድ በተጠመጠመበት ቦታ ልጡን ይበላዋል፤ ከቅጠል ወደ ሥር የሚወርደው ምግብ የሚያልፈው ደግሞ ልክ ከልጡ ሥር ነውና፣ ሰፋ ያለ ጠፍጣፋ ማሰሪያ መጠቀም ይገባል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው ተረት ለገመድም ይሠራል።

ቀጥሎ የአተኛኘት ክርክር ይመጣል። አማካሪዎቹ «ቀጥ በል!» ይላሉ፤ ቀጥ ብሎ የተኛ ግን ጎብጦ ይነሣል። ጀርባ የሚዘረጋው ሰውነትን ከመካከለኛው መስመር ትንሽ አጋድሞ በሰያፍ ሲተኙ ነው። ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1492 በካሪቢያን አካባቢ ደሴቶች ያገኛቸው ሰዎች ከጥጥ መረብ በተሠራ እንዲህ ባለ አልጋ ይተኙ ነበር፤ ወርቅ ፍለጋ የመጣው እንግዳ ግን ጋደም የማለት ፋታ የነበረው አይመስልም።

ይህ ሁሉ ተሟልቶ ሰውየው በመጨረሻ ሲጋደም፣ ትልቁ ችግር ያኔ ይጀምራል። በመኝታ ክፍሉ የተኛ ሰው ደክሞት ነው ይባላል፤ ወንበር ላይ ዓይኑን የጨፈነም እያሰበ ነው ተብሎ ይታለፋል፤ በጠራራ ፀሐይ በሁለት ዛፎች መካከል የሚወዛወዝ ጎልማሳ ግን ማብራሪያ ይጠየቅበታል። በአጥር በኩል ብቅ ያሉት እናት «ልጄ፣ አሞህ ነው?» ይላሉ። «የለም እማማ፣ እያረፍኩ ነው» ቢላቸው፣ ጠዋት ምን ሠርቶ እንደደከመ ይከተላል። ስለዚህ ብልሁ ተኚ ስልኩን ደረቱ ላይ አኑሮ ይጋደማል፤ ኮቴ በሰማ ቁጥርም ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ ግንባሩን ቋጠር አድርጎ፣ «እሱን ሰኞ በስብሰባው ላይ በዝርዝር እናየዋለን» ይላል።