በ«ከ» እና በ«እስከ» መካከል

ካርሎ ፓላም ልጅ ሳለ በደቡብ ፊሊፒንስ በካጋያን ደ ኦሮ ከተማ ከቆሻሻ መጣያ ጠርሙስና ቁርጥራጭ ብረት እየለቀመ ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2021 ቶኪዮ ላይ በቦክስ የኦሊምፒክ የብር ሜዳሊያ ሲያጠልቅ ርዕስ ለመፈለግ የተቸገረ ጋዜጠኛ አልነበረም፤ ከቆሻሻ ክምር እስከ ኦሊምፒክ! እኔም ወሬውን ወድጄዋለሁ። የሚከነክነኝ ግን በዚያች «ከ» እና በዚያች «እስከ» መካከል ያለው ነገር ሁሉ መዘለሉ ነው።

በመካከሉ ምን ነበር? ከተማው በመናፈሻ ቦታ ለታዳጊዎች የሚያካሂደው የቦክስ ውድድር ነበር። ቆሻሻ ለቃሚው ልጅ እዚያ ታየ፤ ከዚያ የከተማው ቡድን፣ ከዚያም ብሔራዊ ቡድኑ ተቀበለው። ጓንት የገዛ፣ አሰልጣኝ የቀጠረ፣ ለውድድሩ በጀት የያዘ ሰው ነበር ማለት ነው። ይህ ለአርዕስት አይመችም። ድህነትን አሰልጣኝ አድርጎ መሾም ይቀላል፤ ደመወዝ አይጠይቅምና።

ዝነኛው ፊሊፒናዊ ቦክሰኛ ማኒ ፓኪያዎ ዘንድ ስንደርስ ታሪኩ ይበልጥ ይጣፍጣል። ከጄኔራል ሳንቶስ ከተማ ገና በልጅነቱ ወጥቶ በመርከብ ተደብቆ ማኒላ ገባ፤ ጎዳና አደረ፤ የቀን ሥራ ሠራ። በጥር 1995፣ በ16 ዓመቱ፣ ለመጀመሪያው የፕሮፌሽናል ግጥሚያው ሚዛን ላይ ሲወጣ ክብደቱ 44 ኪሎ ገደማ ነበር። ራሱ እንደሚተርከው፣ ለምድቡ የሚፈለገው ኪሎ እንዲሞላለት ኪሱ ውስጥ ከባድ ነገር ደብቆ ነበር። ይህን የምናወራው እየሳቅን ነው። እስቲ አንድ ጊዜ ሳንስቅ እንየው፤ ጠግቦ በልቶ የማያውቅ ልጅ ቡጢ እንዲቀምስ ይፈቀድለት ዘንድ ሚዛን ያታልላል።

በዚያው ዓመት መጨረሻ አንድ ወጣት ቦክሰኛ ጓደኛው ከግጥሚያ በኋላ ሞተ። በ«ከ» በኩል ሁለቱም ነበሩ፤ «እስከ» ዘንድ የደረሰው አንዱ ብቻ ነው። እሱም በ1998 ታይላንድ ሄዶ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ እስከ 2010 ድረስ በስምንት የክብደት ምድቦች ቀበቶ ሰበሰበ፤ ምክር ቤት ገባ፤ ሴናተር ሆነ፤ በ2022 ለፕሬዝዳንትነት ተወዳድሮ ተሸነፈ። የሟቹን ልጅ ታሪክ የሚያወራ ጥቂት ነው።

የመጀመሪያው እስያዊ የዓለም ሻምፒዮን ፓንቾ ቪላም ፊሊፒናዊ ነው። በኢሎኢሎ ጫማ ጠራጊ ነበር ይባላል። ሀገሩ በአሜሪካ አገዛዝ ሥር በነበረችበት በሰኔ 1923 ኒውዮርክ ላይ የወቅቱን የዓለም ሻምፒዮን ጂሚ ዋይልድን በዝረራ ጣለ። ከሁለት ዓመት በኋላ ጥርሱን ተነቅሎ፣ መንጋጋው እንዳበጠ ሪንግ ውስጥ ገባና ተሸነፈ። ቁስሉ አመርቅዞ በአሥር ቀን ውስጥ ገደለው። ዕድሜው 23 ነበር። የዓለም ሻምፒዮን የጥርስ ሕመም ገደለው! በቂ ዕረፍትና ሕክምና ኖሮ ቢሆን ብሎ መጠየቅ ይህን ያህል ከባድ ነው?

ፊሊፒናዊው ቦክሰኛ ማንሱዌቶ ቬላስኮ በ1996 አትላንታ ኦሊምፒክ ላይ ብር ሲያመጣ ደግሞ ሽልማቱ ቃል ነበር፤ ከየአቅጣጫው የተገባ ቃል። ብዙው እንዳልደረሰው ከዓመታት በኋላ በአደባባይ ተናገረ። በ2015 ግን ፊሊፒንስ የአትሌቶች ማበረታቻ ሕጓን አሻሽላ ለኦሊምፒክ ወርቅ 10 ሚሊዮን፣ ለብር 5 ሚሊዮን፣ ለነሐስ 2 ሚሊዮን ፔሶ ወሰነች። ፓላምም፣ በአባቷ እጅ ቦክስ የጀመረችው ኔስቲ ፔቴሲዮም ቶኪዮ ላይ ብር ሲያገኙ የሚጠብቃቸው የባለሥልጣን ቸርነት ሳይሆን ሕግ ነበር። ለእኔ ትልቁ ድል ይሄኛው ነው፤ አንድም ዘፈን አልወጣለትም እንጂ።

እኛም ከዚህ አመል ነፃ አይደለንም። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጠ ስንል የክብር ዘበኛ ወታደር እንደነበረ፣ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን እንዳሠለጠነው እንዘላለን። አበበ በ1964 ቶኪዮ ላይ ሁለተኛውን የማራቶን ወርቅ ሲወስድ፣ በዚያው ኦሊምፒክ በቦክስ ብር ያገኘው ፊሊፒናዊ አንቶኒ ቪላኑዌቫ አባቱ በ1932 ኦሊምፒክ ነሐስ ያመጣ ቦክሰኛ ነበር። ሙያው ቤቱ ድረስ መጥቶለታል።

ኩራቱን ግን አልንቅም። የላስ ቬጋስ ቅዳሜ ማታ በፊሊፒንስ እሁድ ጠዋት ነው፤ ፓኪያዎ በሚጋጠምበት ቀን ሰፈርተኛው የቅርጫት ኳስ ሜዳው ላይ ስክሪን ተሰቅሎለት በነፃ ያያል። በዱባይና በሪያድ ቤቶች እንደ እኛ እህቶች የሰው ልጅ የሚያሳድጉ፣ የሰው ወለል የሚወለውሉ ፊሊፒናውያት አሉ። በዚያ ቀን የሀገራቸው ስም ከሠራተኛነት ጋር ሳይሆን ከአሸናፊነት ጋር ሲጠራ ይሰማሉ። ይህን ማን ይነፍጋቸዋል?

በሐምሌ 2025 ፓኪያዎ በ46 ዓመቱ ተመልሶ ከማሪዮ ባሪዮስ ጋር 12 ዙር ተጋጥሞ እኩል ወጣ። እኔም እሁድ ማለዳ ቡናዬን ይዤ አየሁት። በየዙሩ መካከል ባለችው አንዲት ደቂቃ ዓይኔ የሚሄደው ጥጉ ላይ ወዳሉት ሰዎች ነበር፤ በርጩማ ወደሚያቀርበው፣ ውሃ ወደሚያጠጣው፣ ያበጠውን ፊት በቀዝቃዛ ብረት ወደሚጫነው።