ምስጋና ለጣሪያው ጀግና

በየቤቱ አንድ አይጠፋም። የቴሌቪዥኑ ምስል ገና መንቀጥቀጥ ሲጀምር እጅጌውን ሰብስቦ፣ ካቻቪቴውን ከመሳቢያ አውጥቶ ከተፍ የሚል። «ኧረ ባለሙያ እንጥራ» ያለውን በአንድ ግልምጫ ዝም ያሰኘዋል። ለእንዲህ ያለው ሰው ሐውልት ሊቆምለት ሲገባ እስከ ዛሬ ምስጋና እንኳ አልደረሰውምና እኔ ልጀምር።

ሲጀመር ፍልስፍናው አይረታም። መመሪያ ብታነቡለት፣ ብትለምኑት፣ ብታለቅሱ መልሱ አንድ ነው፦ «እስካሁን ምን ሆንኩ?» እውነቱን ነው፣ ምንም አልሆነም። ይህንኑ ሲሉ ቆይተው አንድ ነገር የሆኑት ደግሞ ተመልሰው አይከራከሩትም። ስለዚህ ሁልጊዜ የሚረታው እሱ ነው።

የጀርባውን ክዳን ሲፈታ ተመልከቱት። ክዳኑ ላይ በሦስት ማዕዘን ውስጥ የመብረቅ ምልክት አለ፤ ለእሱ ጌጥ ነው። «ሶኬቱን ነቅዬዋለሁ እኮ!» ይላል። ነቅሏል፣ አልዋሸም። ውስጥ የተቀመጠው ትልቁ ካፓሲተር፣ ያ ኮረንቲ አጠራቃሚ፣ ግን መነቀሉን አልሰማም። ከ220 ቮልት መስመር የሚሞላው ይህ ዕቃ ወደ 310 ቮልት ይይዛል፤ የሚያራግፍለት ሬዚስተር ከተበላሸ ደግሞ ሶኬቱ ተነቅሎም ይዞ ይጠብቃል። ባለ ሆዱ የድሮ ቴሌቪዥን ከሆነማ ድግሱ ሌላ ነው። የባለ ቀለሙ የምስል ቱቦ (መስታወቱ) የሚሠራው ከ20,000 ቮልት በላይ በሆነ ኃይል ሲሆን ከጠፋ በኋላም ቻርጁን አቅፎ ይቆያል። አየሩ ተመጥጦ የወጣ በመሆኑም ካቻቪቴው አንገቱን ከሰበረው መስታወቱን ፊት ላይ ሊረጭ ይችላል። ጀግናችን ከዚህ ሁሉ አንዱንም አያውቅም። እጁ የማይንቀጠቀጠውም ለዚሁ ነው።

ባለሙያ ተብዬውን ደግሞ እዩት። ቀለበቱንና ሰዓቱን ያወልቃል። ካፓሲተሩን በሬዚስተር አራግፎ፣ ማራገፉን ሳያምን በቮልት መለኪያ ይለካል። ኮረንቲ እያለ መለካት ግድ ከሆነበት አንድ እጁን ኪሱ ይከታል፤ ከእጅ ወደ እጅ በደረት በኩል እንዳያልፍ ነው አሉ። ስንፍና! የእኛ ሰው በሁለት እጁ፣ ከነቀለበቱ፣ በሙሉ ልቡ ነው የሚገባበት።

የተቃጠለ ፊውዝ ሲያገኝ ደስታውን አትጠይቁኝ። «ይኸው ጥፋቱ!» ብሎ በሽቦ ቁራጭ ያገናኘዋል። ፊውዙ ሌላ ጥፋት እየጠቆመ ይሆን ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይደለም። ከዚያ በኋላ ያ ፊውዝ ዳግመኛ ተቃጥሎ አያውቅም፤ ተራው የሌላ ነገር ነው። ባለሙያው ቢሆን ክዳኑን ከገጠመ በኋላም ከአንቴናው መሰኪያና ከውጭ ብረቶቹ የሚያፈስ ኮረንቲ እንዳለ ለክቶ ነው የሚያስረክበው። ጀግናችን በእጁ ጀርባ ዳበስ ያደርገውና «ትንሽ ነዘር ያደርጋል፣ ይለመዳል» ብሎ ለቤተሰቡ ያስረክባል።

ሙያው የሚያብበው ግን ጣሪያ ላይ ነው።

«አሁንስ?»

«አልመጣም አባዬ!»

«አሁንስ?»

«መጣ! መጣ! ... ኧረ ሄደ!»

አንቴናው ከኤሌክትሪክ መስመር ቢያንስ የራሱና የምሰሶው ርዝመት ተደምሮ 2 እጥፍ ይራቅ ተብሎ ይመከራል፤ ቢወድቅም እንዳይደርስ። የጀግናችን ሜትር ዓይኑ ነው፦ አንዱን ጨፍኖ «አይነካውም» ይላል። ቆሞ ሳለ እርግጥ አይነካውም። ምሰሶው ከእጁ አምልጦ ወደ መስመሩ ሲያዘነብል ደንቡ አጭር ነው፦ ልቀቀው፣ ሽሽ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ያሉት አባቶች አንቴና ሰቃይን አላዩም እንጂ ሦስተኛ ያደርጉት ነበር። በገንዘቡ ገዝቶት እንዴት ይልቀቅ? ብረቱ መስመሩን ከነካ በኋላ ደግሞ ልልቀቅ ቢልም ላይሆንለት ይችላል፤ ከ10 እስከ 20 ሚሊ አምፔር የሚሆን ኮረንቲ ጡንቻን ጨምድዶ እጅን የጨበጠው ላይ ያስቀረዋል። የልብን ምት ለማዛባት 100 ሚሊ አምፔር ገደማ ይበቃል፤ ያ መስመር ግን በዚህ መጠን አይቆጥብም።

ሰዓት አመራረጡም ግሩም ነው። ሰው ሁሉ ነጎድጓድ ሳይቀርብ ሶኬቱንም የአንቴናውን ገመድም ነቅሎ ቁጭ ሲል፣ እሱ ሰማይ ሲያጉረመርም ይወጣል። ምስሉ የጠፋው ያኔ ነዋ።

ምሰሶውን ከቤቱ ኧርዝ (ኮረንቲን ወደ መሬት ከሚያወርደው መስመር) ጋር እንዲያገናኝ የታሰበው የመዳብ ሽቦስ? ጀግናችን አገላብጦ መረመረው። ምስል አያጠራም፣ ቻናል አይጨምርም። አናት ላይ የሚጠራቀመውን ቻርጅ ወደ መሬት ያወርዳል ቢሉት «መቼ ተጠራቅሞ ያውቃል?» አለ። አሁን ሽቦው ልብስ ማስጫ ሆኖ ቤተሰቡን እያገለገለ ነው።

ዝናው ሲሰማ ጎረቤቱም ለመጪው ቅዳሜ ለምኖታል። ጀግናችን የእንጨት መሰላሉ ከባድ ነው ብሎ ትንሽ አንገራግሮ ነበር። ደግነቱ ጎረቤትየው ረጅም፣ ቀላል የአሉሚኒየም መሰላል ገዝቷል፤ የኤሌክትሪክ መስመሩ ድረስ ያለችግር ይደርሳል።