እርማት፦ አሰርት የግብዓት ዘበኛ አይደለም

ሰሞኑን ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ ምክር አለ። «በፓይተን ፈንክሽን መጀመሪያ ላይ አሰርት ጻፉ፤ ከዚያ የተሳሳተ ግብዓት አያልፍም» ይላል። አሰርት አንድ ሁኔታ እውነት ካልሆነ ፕሮግራሙን በኤረር የሚያስቆም የኮድ መስመር ነው። ሐሳቡ ቅን ነው። ፈንክሽን የሚቀበለውንና የሚመልሰውን በግልጽ ማስቀመጥ ጥሩ ልማድ ነው። ግን አሰርት ሊጠፋ ይችላል።

ፓይተን ሰረዝና ትልቁ ኦ (-O) ተጨምሮበት ሲነሳ አሰርቶቹን በሙሉ ይተዋቸዋል። እንዲያውም ኮዱ ወደ ባይትኮድ (ፓይተን ራሱ ወደሚያስኬደው ቅርጽ) ሲቀየር ጭራሽ አይገቡም። ጃቫማ ይብሳል፤ ሆን ብላችሁ ካልከፈታችሁት አሰርት ከመጀመሪያውም ዝግ ነው።

ማጣራቱ ቀላል ነው። አንድ ፋይል ላይ «አሰርት ፎልስ» ብላችሁ ጻፉ፤ ከሥሩ አንድ ፕሪንት ጨምሩ። እንዲሁ ስታስኬዱት አሰርሽን ኤረር ሰጥቶ ይቆማል። በትልቁ ኦ ስታስኬዱት ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ፕሪንቱን ያሳያችኋል።

አሁን «ይህ ተጠቃሚ መሰረዝ ይፈቀድለታል ወይ?» የሚለው ፍተሻ በአሰርት ብቻ ቆሟል እንበል። ላፕቶፓችሁ ላይ ይሠራል፣ ቴስቱም ያልፋል። ሰርቨሩ በትልቁ ኦ ከተነሳ ግን ማንም ይሰርዛል። ኤረር ስለሌለ ነገሩ ቶሎ አይነቃበትም።

ስለዚህ ከውጭ የሚመጣውን በኢፍ ፈትሹ፤ ትክክል ካልሆነ ቫልዩ ኤረር ወይም ለጉዳዩ የሚስማማ ሌላ ኤረር ሬይዝ አድርጉ (ማለትም አስነሡ)። አሰርትን የራሳችሁን ሥራ ለማረጋገጥ አቆዩት፤ ለምሳሌ ፈንክሽኑ ደርድሮ የመለሰው ሊስት እውነትም መደርደሩን ለማየት። እዚያ ቢጠፋ በር የሚከፈትለት ሰው የለም።