በሳምንት ስንት ሌሊት?

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ከሌሊት ሥራ ወጥቼ መኪናዬን ሳላስነሳ ስልኬ ጮኸ። ከሜሪላንድ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ሳለሁ አብራኝ ትሠራ የነበረች ልጅ ናት። ያኔ ሲኤንኤ፣ ማለትም የነርስ ረዳት፣ ነበረች፤ አሁን ራሷ ነርስ ሆናለች። ሰላምታውን እንኳ በወጉ አልጨረስነውም።

«እትዬ፣ ቴክሳስ ልንመጣ ነው። ነርስ በሰዓት ስንት ይከፈላታል?»

እኔም ከሦስት ዓመት በፊት የጠየቅሁት ይህንኑ ነበር። ለቅሶ ቤት ይሁን ክርስትና፣ ሁለት ነርሶች ጎን ለጎን ከተቀመጡ ቡናው አቦል ሳይደርስ ወሬው «በሰዓት ስንት» ላይ ይደርሳል። ጥያቄው ነውር የለበትም። ቤተሰብ ነቅሎ ስቴት ለሚቀይር ሰው ግን በቂ አይደለም። እኔ ዛሬ ብጠየቅ መጀመሪያ የማስቀድመው ሌላ ነው፦ እዚያ ቢሉ ሁሉ ተከፍሎ እንዲያድር በሳምንት ስንት ሌሊት መሥራት አለብኝ?

የራሴን ልንገራችሁ። ሜሪላንድ በሰዓት 46 ዶላር ነበረኝ። ከዳላስ ሰሜን ያለ አንድ ሆስፒታል 41 ሰጠኝ። አምስት ዶላር ምን አላት፣ ቴክሳስ እኮ የስቴት የገቢ ግብር የለም አልኩ። ባለቤቴም ይኸንኑ አለ። ወረቀትና እስክሪብቶ ግን ማናችንም አላነሳንም። በሳምንት ሦስት የ12 ሰዓት ሺፍት 36 ሰዓት ነው፤ በዓመት 1,872። በአምስት ዶላር ሲባዛ 9,360 ዶላር ይመጣል። ሜሪላንድ ደግሞ ከደሞዜ ለስቴቱና ለሞንትጎመሪ ካውንቲ የሚቆርጥብኝ 6 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። የፌዴራሉን ግብር ብትቀንሱለት እንኳ ሒሳቡ አይገጥምም። «ግብር የለም» እያልኩ ስጨፍር ገና ሳልነሳ ከስሬ ነበር።

ቤት ግን አገኘን። ይህን ብክድ ግፍ ይሆንብኛል። ሲልቨር ስፕሪንግ በሁለታችን ደሞዝ ከአፓርትመንት የምንወጣበት መንገድ አልታየንም ነበር። እዚህ አራት መኝታ፣ ጋራዥ፣ ልጆቹ ኳስ የሚያባርሩበት ጓሮ። እናቴ በቪዲዮ አይታ እልልታዋን አቀለጠችው።

ችግሩ የመጣው በፖስታ ነው። የገቢ ግብር የሌለው ስቴት ያለ ገንዘብ አይኖርም። ቴክሳስ ውስጥ የልጆቻችሁ ትምህርት ቤት በአብዛኛው የሚተዳደረው በቤታችሁ ግብር ነው። የቤት ዋጋ የሚተመነው ደግሞ ጃንዋሪ 1 ቀን በነበረበት ሁኔታ ነው። እኛ በገዛንበት ዓመት በዚያ ቀን የእኛ ቤት ባዶ መሬት ነበር። ስለዚህ ከሞርጌጁ፣ ከቤት ብድሩ ክፍያ፣ ላይ በየወሩ ለግብር የሚያዝብን በመሬቱ ልክ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ቤቱ ቆሟል፤ ግብሩም አብሮት ቆመ።

ደብዳቤውን የከፈትኩት ኩሽና ውስጥ፣ የልጆቹን የቁርስ ሳህን ገፋ አድርጌ ነው። 2,640 ዶላር የነበረው የወር ክፍያ 3,510 ይላል። ሦስቴ አነበብኩት። ደወልኩ። ስህተት አይደለም አሉኝ፤ ኤስክሮው፣ ማለትም ለግብርና ለኢንሹራንስ በየወሩ የሚያዘው ገንዘብ፣ ጎድሏል፣ ያለፈው ጉድለትም ለ12 ወር ተከፋፍሎ ተጨምሮበታል። ቤቱን ያሻሻጠን የእኛው ሰው ነበር። ስለ ግራናይቱ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ ፓርኩ ያልነገረን የለም፤ ይህቺን ብቻ ረሳት። (ሆምስቴድ የሚባለውን፣ ራሳችሁ ለምትኖሩበት ቤት የሚሰጠውን የግብር ቅናሽ፣ ያልሞላችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ሙሉ። ለትምህርት ቤት ግብር ከቤቱ ዋጋ ላይ የሚቀነሰው በ2023 ከ40 ሺህ ወደ 100 ሺህ ዶላር፣ ከዚያም በ2025 ወደ 140 ሺህ ከፍ ብሏል። ዓመታት ኖሮ ያልሞላ አበሻ አውቃለሁ።)

ልዩነቱ 870 ዶላር ነው። እኔ ከአንድ ሌሊት ሥራ፣ የሌሊት ጭማሪዬ ገብቶ፣ የሚቆረጠው ሁሉ ተቆርጦ እጄ የሚደርሰው 420 ዶላር ያህል ነው። ደብዳቤው በነርስ ቋንቋ ሲተረጎም «በወር ሁለት ሌሊት ጨምሪ» ይላል። የቤት ኢንሹራንሱ አለ፤ እዚህ በረዶ ሲወርድ እንቁላል ያክላል፣ ጣሪያ ይበሳል፣ ኢንሹራንሱም በየዓመቱ ይወደዳል። የቶል፣ የሚከፈልበት መንገድ አለ። ሁለቱ ተደምረው ሌላ አንድ ሌሊት ወሰዱብኝ።

ሌሊት ለመጨመር ደግሞ ልጆቹን የሚያሳድር ሰው ያስፈልጋል። ሲልቨር ስፕሪንግ ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ እናት ነበሩ። ልጆቼን እሳቸው ዘንድ አሳድሬ እሠራለሁ፤ ጠዋት ስመለስ ቁርስ በልተው፣ ፀጉራቸው ተበጥሮ፣ ባስ ተሳፍረዋል። ገንዘብ ስሰጣቸው ይቆጡኝ ስለነበር ቡናና ነጠላ እየገዛሁ ነበር የምክሳቸው። ይህ ፔይቼክ ላይ የማይጻፍ ደሞዝ ነው። ስንነሳ አልቆጠርነውም። እዚህ ባለቤቴ ትራክ መንዳት ጀምሯል፤ ከወጣ ሳምንት ነው የሚቆየው። ለልጆቹ ሞግዚት በገንዘብ ቀጠርን። እሱን ለመክፈል ደግሞ፣ ገምታችኋል፣ ሌሊት ጨመርኩ።

የሌሊቱም ክብደት ከስቴት ስቴት ይለያያል። ካሊፎርኒያ በ1999 ባወጣው፣ ከ2004 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው ሕግ መሠረት በመደበኛው የሕሙማን ክፍል አንዲት ነርስ ከአምስት በሽተኛ በላይ አይሰጣትም። ቴክሳስ ይህን የመሰለ ቁጥር በሕግ አላስቀመጠም፤ ሆስፒታሉ በራሱ ኮሚቴና ዕቅድ ይወስናል። እኔ ሰባት ይዤ ያነጋሁበት ሌሊት አለ። በማግስቱ ጠዋት ፓርኪንግ ውስጥ የመኪናዬን ቁልፍ በእጄ ይዤ ቁልፌን ቦርሳዬ ውስጥ ስፈልግ ቆየሁ። በሳምንት አራተኛ ሌሊቴ ነበር።

ታዲያ ካሊፎርኒያ እንሂድ ወይ? እዚያ የነርስ አማካይ ደሞዝ በ2023 በመንግሥት አኃዝ ከ137 ሺህ ዶላር በላይ ነበር፤ ቴክሳስ 90 ሺህ አካባቢ። የቤት ኪራዩን ግን ታውቁታላችሁ። የስቴት ግብሩም ከባድ ነው። የነርስ ላይሰንሱም ጣጣ አለው፤ ሜሪላንድና ቴክሳስ ኮምፓክት በሚባለው፣ ስቴቶች አንዱ የሌላውን ላይሰንስ በሚቀበሉበት ስምምነት ውስጥ ስለሆኑ ከገባችሁ በ60 ቀን ውስጥ ማመልከት ብቻ ነው፣ ካሊፎርኒያ ግን የራሷን ላይሰንስ ካልያዛችሁ አታሠራም። ኦክላንድ ያለችው ጓደኛዬ በሰዓት የእኔን እጥፍ ልትሞላ ምንም አልቀራትም። ሁለት ልጆቿን ይዛ የምትኖረው ግን ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት ውስጥ ነው፤ ጓሮ የላትም። የእኔን ቤት አይታ ቀንታለች። ሳምንቷ ግን በሦስት ሌሊት ያልቃል፣ እሑድ ልጆቿን ይዛ ታስቀድሳለች። እኔ እሑድን በእንቅልፍ ነው የማሳልፈው። በእኔ ቆጠራ እሷ በልጣኛለች።

ቴክሳስ አትምጡ እያልኩ አይደለም። እኔ ራሴ አልመለስም፤ ቤቱንም ወድጄዋለሁ። ለልጅቷም ያልኳት ይህንን ነው። ቤት ከመፈረምሽ በፊት እዚያው ሰፈር ሁለት ዓመት የኖረ ሰው ፈልገሽ ክፍያው ስንት እንደደረሰ ጠይቂ። ኢንተርቪው ላይ ማናጀሯን ብቻ ሳይሆን ሌሊት የምትሠራ ነርስ አግኝተሽ ስንት በሽተኛ እንደምትይዝ ጠይቂ። ልጆችሽን ማን እንደሚያሳድር እዚያው ሳለሽ ወስኚ። ሁሉንም በዶላር ሳይሆን በሌሊት ቁጠሪው።

ዝም ብላ ሰማችኝ። ስልኩ የተቋረጠ እስኪመስለኝ ድረስ ዝም አለች።

«እሺ እትዬ፣ ገባኝ» አለች በመጨረሻ። «ግን በሰዓት ስንት ነው?»

«አሁን 43 ደርሻለሁ።»

«የሌሊቱን ጭማሪ ሳይጨምር?»