መስመሩ የሚያልቅበት ቦታ

በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት የብስክሌት መንገድ መሠራቱን የሚያመሰግን ጽሑፍ አነበብኩ፤ ማመስገኑ ተገቢ ነው። እኔም ደስ ብሎኛል። ጭንቁ ያለው ግን መስመሩ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ በብስክሌት ከመስመሩ ወጥቶ አስፋልቱ ላይ ገባ። ረዳቱ «ቦሌ! ቦሌ!» እያለ ሚኒባሱ ሰው ለመጫን ድንገት ወደ ቀኝ ታጠፈበት። ለጥቂት ተረፈ። የወለቀውን ሰንሰለት ሲመልስ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አንጀቴን በላው።

ሹፌሮች እባካችሁ፣ ወደ ጥግ ከመውጣታችሁ በፊት ስፖኪዮ እዩ። ፍጥነትም ቀንሱ። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር በሚሄድ መኪና የተመታ ሰው የመትረፍ ዕድሉ በ50 ከተመታው በጣም ይበልጣል። እኔ ያደግኩት ባሕር ዳር ነው፤ እዚያ አስተማሪውም ተማሪውም ብስክሌት ይነዳ ነበር። እዚህ ልጄን አስፋልት ላይ ለመልቀቅ ግን አልደፍርም። መንገድ የሚሠሩት ክፍሎች ቢያንስ መስቀለኛው ላይ የተቆረጠውን መስመር ይቀጥሉልን።